የሌላ ዓለም ድምፅ ከከሰል ፍም፦ የድምፅ ቅንጣቶች አጭር ታሪክ

በሳይንስ ፊክሽን ፊልም ላይ መንኮራኩር ወደማይታወቅ ፕላኔት ሲቃረብ ከጀርባ የሚሰማውን ነገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሙዚቃ አይደለም፤ ንፋስም አይደለም። የሚተነፍስ ጭጋግ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ለመሥራት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ግራኑላር ሲንተሲስ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንድን ድምፅ ከ1 እስከ 100 ሚሊሰከንድ በሚረዝሙ ቅንጣቶች ትከትፉታላችሁ፣ ከዚያ በመቶና በሺህ እያደረጋችሁ መልሳችሁ ትበትኗቸዋላችሁ። የሚገርመው ግን ዘዴው የመጣበት መንገድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከስልክ ጥያቄ ነው። ትውልደ ሃንጋሪው ዴኒስ ጋቦር፣ በኋላ በሆሎግራፊ የ1971ን የፊዚክስ ኖቤል ያገኘው ማለት ነው፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ መሐንዲስ ነበር። የሰው ንግግር በጠባብ መስመር እንዴት ይለፍ? በጊዜው የተለመደው የፉሪየር ስሌት ድምፅን መጀመሪያና መጨረሻ የሌላቸው ሞገዶች ድምር አድርጎ ያያል። ጆሯችን ግን ቅጥነቱንም የመጣበትንም ቅጽበት አብሮ ነው የሚሰማው። ጋቦር በ1946 እና በ1947 ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ ድምፅ በጊዜም በፍሪኩዌንሲም ከተወሰኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሊገነባ እንደሚችል አሳየ።

ይሄ ምን ይጠቅማል? ባትሪው እያለቀ ያለ ቴፕ አስታውሱ፤ ዘፈኑ ሲዘገይ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። ቅንጣቶቹን እየደጋገማችሁ ብትደረድሩ ግን ድምፁ ሳይወፍር ይረዝማል። ጋቦር ራሱ የፊልም ማጫወቻ አሻሽሎ ሞክሮታል።

ቅንጣቶቹን ወደ ሙዚቃ ያመጣቸውም ሌላ መሐንዲስ ነው፤ ግሪካዊው ያኒስ ዜናኪስ። በናዚ በተያዘችው አቴንስ ተማሪ ሳለ ሰልፍ ይወጣ ነበር። ሕዝቡ በአንድ ምት መፈክር ያሰማል፣ ተኩስ ይከፈታል፣ ምቱ ተበታትኖ ጩኸት ይሆናል፣ ከዚያ ዝምታ። በኋላ በከተማዋ ውጊያ ፊቱ ቆስሎ አንድ ዓይኑን አጣ፤ በ1947 ወደ ፈረንሳይ ሸሸ፤ አገሩ ላይ በሌለበት ሞት ተፈረደበት። የዚያ ሕዝብ ድምፅ ግን አልለቀቀውም። በረዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ እያንዳንዱን ጠጠር የሚቆጥር ማን ነው? የምንሰማው ብዛቱን፣ ሲከብድና ሲሳሳ ነው። ዜናኪስ ይህንን ብዛት በፕሮባቢሊቲ ሊገዛው ተነሳ። በ1958 ብራስልስ ላይ ለፊሊፕስ አዳራሽ በሠራው «ኮንክሬ ፔ አሽ» የሚንጣጣ የከሰል ፍም ቀድቶ፣ ቴፑን በአጭር በአጭሩ ቆራርጦ ደራረበው። ሰሚው ከሰል መሆኑን አያውቅም፤ የመስታወት ዝናብ ይመስላል።

መቀስ ግን ወሰን አለው። በሰከንድ 1,000 ቅንጣት ብንፈልግ ለአንድ ደቂቃ 60,000 ነው፤ እያንዳንዱ ደግሞ መነሻ፣ ርዝመት፣ ቅጥነትና ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራው ኮምፒውተር ጠበቀ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከርቲስ ሮድስ ካሊፎርኒያ ውስጥ በኮምፒውተር ሠራው፤ በ1986 ካናዳዊው ባሪ ትሩአክስ እዚያው እየተሰማ እንዲሠራ አደረገው። ዛሬ በእጅ ስልክም ይቻላል።

እስቲ ሞክሩት። የበር ሲጢጥታ ቅዱ፤ 50 ሚሊሰከንድ አካባቢ ክተፉ። የየቅንጣቱን ጫፍ አለስልሱ፣ አለዚያ ቋ ቋ ይላል። በእኩል ልዩነት ከደረደራችኋቸው የማሽን ዜማ ይወጣል፤ ልዩነቱን በዘፈቀደ ካደረጋችሁት ደመና ይሆናል። አሁን በቅጂው ላይ በጣም በዝግታ ተጓዙ፤ አንዷ ሰከንድ ደቂቃ ትሆናለች። በሩ ይጠፋል፣ የእንጨቱ ሻካራነት ግን ይቀራል። ጆሯችን «ይህን አውቀዋለሁ» ይላል፣ ስሙን ግን አያገኝለትም። የማናውቀው ፕላኔት ላይ የቆምን የሚመስለን በዚህ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት የምትቀዱትን ነገር ምረጡ፤ ዜናኪስ በእጁ የነበረው መቀስ፣ ቴፕና ፍም ብቻ ነበር።