ቱርቦ የተገጠመለትን ሞተር ከብልሽት ለመጠበቅ

ቱርቦ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር በግፊት የሚያበዛ መሣሪያ ነው። የጋለው ጭስ አንዱን ክንፍ ያሽከረክራል፤ በዘንግ የተያያዘው ሌላው ክንፍ አየር ስቦ ወደ ሲሊንደር ይገፋል። አየር ሲበዛ ነዳጁ በሚገባ ይቃጠላል፤ ጉልበትም ይጨምራል።

ወልቂጤና ቡታጅራ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በርበሬና ሌላ ምርት ጭነው ዳገት ለሚወጡ የናፍጣ መኪኖች የቱርቦ ጥቅም የጎላ ነው።

የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ከመበላት የሚጠብቀው ስስ የሞተር ዘይት ሽፋን ነው። ስለሆነም፦

• ዘይቱንና የዘይት ማጣሪያውን አምራቹ በወሰነው ጊዜ መቀየር፤ በአቧራማ መንገድ የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ መፈተሽ፤
• ሞተሩ እንደተነሣ ነዳጅ አለመርገጥ፤ ዘይቱ እስኪዳረስ ጥቂት መታገሥ፤
• ከረጅም ዳገት በኋላ ሞተሩን ወዲያው አለማጥፋት፤ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ይገባል።

የቱርቦውን ግፊት ወይም የናፍጣውን መጠን ከፋብሪካው ልክ በላይ ማሳደግ ለጊዜው ጉልበት ቢሰጥም፣ ሙቀቱ ፒስተን ሊያቀልጥና ቴስታ ሊሰነጥቅ ይችላል።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል፤ ጥቁር ጭስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአየር ማነስ ምልክት ነው። እነዚህ ወይም ያልተለመደ ፉጨት ሲያጋጥም መኪናውን ሳይዘገዩ ለመካኒክ ማሳየት ይበጃል። የተሰበረ ክንፍ ስብርባሪ ወደ ሲሊንደር ከገባ፣ የቱርቦው ጥገና ወደ ሙሉ የሞተር እድሳት ይለወጣል።