የበረዶ ጎማ

የበረዶ ጎማ በብርድና በበረዶ ጊዜ መኪና እንዳይንሸራተት ተብሎ የሚሠራ ጎማ ነው። የፈረንጅ ስሙ ቃል በቃል ሲተረጎም «የክረምት ጎማ» ይሆናል፤ ይህ ግን በአማርኛ ያሳስታል። በኢትዮጵያ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብ ወቅት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዶ የሚበዛው ደግሞ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ማለትም በእኛ በጋ ነው።

ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ የሚነዳ ሾፌር በክረምት የሚቸገረው በዝናብና በጭቃ ነው። አልፎ አልፎ የሚጥለው በረዶም ወዲያው ይቀልጣል። ለዚህ የሚበቃው ጥርሱ ያላለቀ ተራ ጎማ ነው። የበረዶ ጎማ በሐይቅ የቀትር ሙቀት ቢነዳ እንዲያውም ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝም መኪናው ርቆ ይቆማል። ስለዚህ ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተው በስዊድን፣ በጀርመን፣ በካናዳ ወይም በሚኒሶታ የሚነዱ ኢትዮጵያውያንን ነው።

አሠራሩ

የተራ ጎማ ላስቲክ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል። የበረዶ ጎማ ላስቲክ ግን በብርድም ለስላሳ ነው፤ በጥርሶቹ ላይ ያሉት ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆችም በረዶውን ይቆነጥጣሉ። የመጀመሪያውን የበረዶ ጎማ እ.ኤ.አ. በ1934 ለጭነት መኪና የሠራው ዛሬ ኖኪያን የሚባለው የፊንላንድ ኩባንያ ነው።

በአነስተኛ ዋጋ መምረጥ

ከጎማው ስም በፊት መታየት ያለበት ምልክቱ ነው። በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ከተሳለ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኗል። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን ይህን አያረጋግጡም። በረዶ በሚያንስበት ከተማ ይኸው ምልክት ያለበት የአራቱም ወቅት ጎማ ሁለተኛ ጎማ ከመግዛት ያድናል።

ያገለገለ ጎማ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው መነበብ አለበት። በጎኑ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ፤ 3521 ማለት በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ላስቲኩ የደረቀ ወይም የተሰነጣጠቀ ከሆነ ጥርሱ ቢተርፍም አይጠቅምም። የስዊድን ሕግ በበረዶ ጊዜ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ጥርስ ይጠይቃል፤ ብዙ ባለሙያዎች ግን 4 ይመክራሉ። ጥርሱ ካለቀ ውድ ጎማ ይልቅ መካከለኛ ዋጋ ያለው አዲስ ጎማ ይሻላል።

ብዙዎች ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት ጎማ ብቻ ይገዛሉ። ይህ አደገኛ ቁጠባ ነው፤ የፊቶቹ ብቻ ከተቀየሩ በመታጠፊያ ላይ የኋላው እየተንሸራተተ መኪናውን ሊያዞረው ይችላል። ቁጠባው የሚገኘው ከቸርኬ ነው። የበረዶ ጎማዎቹ በራሳቸው የብረት ቸርኬ ላይ ከተገጠሙ በየወቅቱ ለማውለቅና ለመግጠም የሚከፈለው ይቀንሳል። የመኪናው መመሪያ ከፈቀደ አነስ ባለ ቸርኬ ላይ የሚገጠም ጎማ ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ይላል።

ሕግ

በካናዳ የኬቤክ ክፍለ ሀገር የበረዶ ጎማ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ግዴታ ነው። በስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዷማ ሲሆን ያስፈልጋል። ጀርመን ቀን አልወሰነችም፤ በበረዶ መንገድ ላይ ግን ከኦክቶበር 2024 ወዲህ የምትቀበለው የተራራው ምልክት ያለበትን ብቻ ነው። በሚኒሶታ ሕግ አያስገድድም።