«እንዴት አደሩ?» — የአንድ ጥያቄ ታሪክ

በመቱ ከተማ ማለዳው የሚጀምረው ስለ ሌሊቱ በመጠየቅ ነው። አማርኛ ተናጋሪው «እንዴት አደሩ?» ይላል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው «አካም ቡልተን?» ይላል። ሁለቱም ግሦች የሚመረምሩት አንድ ነገር ነው፤ ከትናንት ምሽት እስከ ዛሬ ንጋት ያለውን ጨለማ እንዴት አለፉት? በበደሌም ሆነ በያዮ፣ በሁሩሙም ሆነ በጎሬ ሰው ይህን ሳይጠያየቅ አይተላለፍም። መልሱ ግን ከጥያቄው አስቀድሞ የተሰናዳ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ»። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያነጋውም፣ ድብን ብሎ የተኛውም የሚመልሱት ይህንኑ ነው። እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ በየማለዳው ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ «ኧረ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም» ያለኝ ደንበኛ ግን በጣም ጥቂት ነው።

ጥያቄውን ከደጃፍ አንሥተው ወደ ወረቀት ያሻገሩት የአእምሮ ሐኪሞችና የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ናቸው። ታሪኩ በሀገራችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ኺል የተባለ ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረባው ከቫን ላውክ ጋር በኢትዮጵያ ከተሞችና መንደሮች እየተዘዋወረ የአእምሮ ሕመምን አጠና። በ1968 ከአንድ ኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው ጋር በጊዮን፣ ማለትም በዛሬዪቱ ወሊሶ፣ ስላለው መንፈሳዊ ፈውስ ጻፉ፤ በ1969 ስለ አንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ አሳተሙ፤ በዚያው ዘመንም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስላለች የገጠር መንደር ጥናት አወጡ። ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። የአእምሮ ሕመምተኛ የሚታከምበት የሀገሪቱ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበረ፤ እርሱም አዲስ አበባ። ለኢሉባቦር ሰው አማኑኤል ማለት 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ስለዚህም «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገር በሀገራችን የሕክምና ወሬ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ሆነ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በዚያ ፍርድ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። አላበደምና።

ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት 20 አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አዘጋጀ። መልሱ «አዎ» ወይም «የለም» ነው። የመጀመሪያው ስለ ራስ ምታት፣ ሁለተኛው ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል፤ ሦስተኛው «እንቅልፍዎ መጥፎ ነው?» የሚል ነው። መጠይቁ በአማርኛ ሲቀርብ ምን እንደሚሆን የመረመረው ፍራንክ ኮርትማን የሚባል በአዲስ አበባ የሠራ ሌላ ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። በ1988 ከሲኔኬ ቴን ሆርን ጋር፣ በ1990 ደግሞ ለብቻው ባሳተማቸው ጽሑፎች ሁለት ነገር አነሣ። አንደኛው መረዳት ነው፤ ተጠያቂው የሰማው ጥያቄ ጠያቂው ካሰበው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው የመላሹ ምክንያት ነው፤ ሰው የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ አይደለም፣ ከጠያቂው የሚጠብቀውንም ነው። መድኃኒት የሚፈልግ «አዎ» ያበዛል፤ ስሙን የሚጠብቅ «የለም» ያበዛል። እኔ ስለ ሥነ ጽሑፍ ሂስ ከተጻፉት ብዙዎቹ ይልቅ ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፍ ወጥቶ ጆሮ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ የሚያሳይ ነውና።

ሦስተኛው ምዕራፍ ቡታጅራ ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በዚያች ወረዳ ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶች የተጠየቁበትን ጥናት መርተው በ1997 በስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራቸውን አቀረቡ። ከተጠያቂዎቹ መካከል ከመቶ 17 ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ከዚህ አኀዝ ይልቅ እኔን የያዘኝ ሌላው ሥራቸው ነው። የአካባቢውን ዐዋቂዎች «የአእምሮ ሕመም ምልክቱ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ በብዛት የተነገራቸው መለፍለፍ፣ ጠበኝነትና እንግዳ ጠባይ ነበረ። ማኅበረሰቡ የሚያውቀው የሚጮኸውን ነው ማለት ነው። በጨለማ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ የሚያነጋው ሰው ድምፅ የለውም፤ ጧት ተነሥቶ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል።

ይህ ዝምታ ጉዳት እንዳለው በሌላው ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ዓመት ፎርድና ካሜሮው የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ያነጋገረ ጥናት አሳተሙ፤ በሁለቱም ጊዜ እንቅልፍ ማጣታቸውን የተናገሩት እንቅልፍ ካላጡት ይልቅ በአዲስ ድብርት የመያዛቸው ዕድል እጅግ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ ማጣት የሌላ ሕመም ጥላ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀድሞ የሚደርስ መልእክተኛም ሊሆን እንደሚችል ታሰበ። በዚያው ዓመት ዳንኤል ባይሲ ከባልደረቦቹ ጋር 19 ጥያቄዎች ያሉትን የፒትስበርግ የእንቅልፍ መጠይቅ አወጣ። በ1993 ደግሞ ቻርልስ ሞሪን የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቡና ባለሙያ የእንቅልፍ ማጣትን ክብደት የሚለኩ 7 ጥያቄዎችን አዘጋጀ፤ የሥራ ዘመኑንም ያለ ክኒን እንቅልፍን ለመመለስ በሚደረገው ጥናት ላይ አዋለው።

እነዚህ መጠይቆች ወደ እኛ ቋንቋ ሲገቡ ምን ይገጥማቸዋል? አንባቢ ሆይ፣ «ስንት ሰዓት ተኛህ?» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ጮክ ብለህ አንብበው። በስንት ሰዓት ወደ መኝታህ ሄድህ ማለት ነው? ወይስ ለስንት ሰዓት ያህል እንቅልፍ አገኘህ? አማርኛ ሁለቱንም በአንድ አፍ ይላቸዋል። «ተኛ» የሚለው ግሥ ራሱ መጋደምን፣ ማንቀላፋትን፣ በሆስፒታል አልጋ መያዝንም ይሸከማል። የፒትስበርጉ መጠይቅ ግን ከሚያሰላቸው ነገሮች አንዱ በአልጋ ላይ ያለፈውን ሰዓት በእንቅልፍ ካለፈው ሰዓት መለየት ነው። 8 ሰዓት ተጋድሞ 4 ሰዓት ብቻ ያንቀላፋ ሰው፣ ጥያቄው በ«ተኛ» ከቀረበለት፣ «8 ሰዓት ተኛሁ» ቢል አልዋሸም። ሕመሙ ግን በመካከሉ ባሉት 4 ሰዓታት ውስጥ ተደብቋል። ኦሮምኛ በዚህ ይበልጠናል፤ «ጪሱ» መጋደም ነው፣ «ረፉ» መተኛት፤ አይምታቱም። የመቱ ነርስ በኦሮምኛ ስትጠይቅ የምታገኘውን መልስ በአማርኛ ለማግኘት አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋታል።

ሰዓታችንም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ገበሬው «ከምሽቱ 3 ሰዓት እተኛለሁ» ያለውን የፈረንጅ ሰዓት የለመደ ሰው እንዳለ ከመዘገበው፣ በጊዜ የሚተኛው ጨዋ ሰው ከመጠጥ ቤት ሲወጣ የነጋበት ይሆናል።

ደግሞም በአማርኛ ሰው እንቅልፍን አይወስድም፤ እንቅልፍ ነው ሰውን የሚወስደው። እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ያሸንፈዋል፣ ያዳፋዋል፤ ሲከፋም እምቢ ይለዋል። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚል ሰው ስለ ጎረቤቱ ኩርፊያ የሚናገር ይመስላል። «አደረ» የሚለውም ቢሆን እንቅልፍን አያስገድድም፤ ሰው ሲያለቅስ ያድራል፣ ሲሠራ ያድራል፣ ጦሙን ያድራል። ቂምም ያድራል። ስለዚህ «እንዴት አደሩ?» ሲባል ስለ እንቅልፍ ተጠየቀ ማለት አይቻልም፤ ሌሊቱ በምን አለፈ ነው የተባለው፣ ያም ሰፊ ጥያቄ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ሥራውን ገፉበት። የሕዝብ ጤና ተመራማሪዋ ሰብለወንጌል ለማ ከነየማነ ብርሃኔና ከነብዙ ገላዬ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንቅልፍ ላይ ተከታታይ ጥናቶችን አሳተመች። ከተጠየቁት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንቅልፋቸው ጥሩ ያልሆነ ሆኖ ተገኘ፤ የእንቅልፉ መጓደልም ከድብርት፣ ከጭንቀትና ከውጥረት ጋር ተያይዞ ታየ። ስለ ቡናና ስለ ጫትም ጠይቃለች። እኛ የቡና ሀገር ሰዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ብዙውን ጊዜ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በመቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት የተጠጣች በረካ እኩለ ሌሊት ላይ ገና ግማሽዋ አለች። ሆኖም ሁሉን በቡና ማላከክ ደስ አይለኝም፤ ሰው በዕዳም፣ በኀዘንም፣ በመከር ሥጋትም ይነቃል።

ከጎሬ በስተደቡብ በማሻና በቴፒ አልፎ በሚደረስባት በሚዛን ደግሞ ሞሐመድ ሳላሁዲንና ዲልሻድ ማንዛር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የፒትስበርጉ መጠይቅ ለኢትዮጵያውያን ጎልማሶች ይሠራ እንደሆነ ፈተሹ፤ ውጤቱ በ2017 ታተመ። የሞሪንንም መጠይቅ ኋላ ፈትሸውታል። የኮርትማን ጥርጣሬ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ እኛው ጫካ ዳር ድረስ መጥቶ መልስ ሲፈለግለት ማየት ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

መጠየቁ ይህን ያህል ካደከመ፣ ማከሙስ? ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ባለሙያ በ1972 ቀላል የሚመስል ሕግ አወጣ፤ አልጋህ የእንቅልፍ ብቻ ይሁን፣ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥተህ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ፣ ሲያንቀላፋህ ተመለስ። ይህና መሰሎቹ ተጠቃለው የተገኘውን የምክር ሕክምና የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ከክኒን አስቀድሞ እንዲሰጥ መከረ። ሕጉ ግን ብዙ ክፍል ላለው ቤት የተጻፈ ነው። በጎሬ ወይም በመቱ በአንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ከነልጆቹ የሚኖር ሰው የሚሄድበት ሌላ ክፍል የለውም፤ ደጁም ዝናም ነው። ያለችው የምድጃው ዳር ናት። ተነሥቶ ከዚያ ቁጭ ሲል ሚስቱ ትነቃለች፤ «ምነው፣ ዛሬም እንቅልፍ እምቢ አለህ?» ትለዋለች። ከነርሷ መጠይቅ በፊት ሁነኛው ጥያቄ የሚቀርበው እዚያ ነው፤ በእኩለ ሌሊት፣ በሹክሹክታ፣ ልጆቹ እንዳይነቁ።