የድመት ርቢና የሰው ኃላፊነት፤ ከማሪዮን ደሴት እስከ ሮማ ከተማ

ድመትና ሰው የተዛመዱበት ዘመን እጅግ የራቀ ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከአንድ ሰው መቃብር አጠገብ ተቀብሮ የተገኘው የድመት አጽም 9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው መሆኑ በ2004 ታውቋል፤ በ2007 የታተመ የዘር ምርመራም የቤት ድመቶች ሁሉ ምንጭ በቅርብ ምሥራቅ ይኖር የነበረው የአፍሪካ የዱር ድመት ወገን መሆኑን አስረድቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እህል በጎተራ ሲከማች አይጥ መጣ፤ አይጥ ሲበዛ ድመት ተከተለው፤ ሰውም ጥቅሙን አይቶ እንግዳይቱን ሳያባርር ቀረ።

ይሁን እንጂ ይህ ዝምድና ከሌሎቹ የቤት እንስሳት ዝምድና የተለየ ነበር። ሰው ላሙን፥ በጉንና ፈረሱን መርጦና አዳቅሎ ሲያራባ፥ የድመትን ርቢ ግን ለራሷ ተወላት። ድመት ደግሞ ለርቢ የተመቸች ፍጥረት ናት። ስድስት ወር ገደማ ሲሆናት ለመፀነስ ትደርሳለች፤ ዕንቁላሏ የሚለቀቀው ወንዱ ሲያጠቃት በሚደርስባት ቅስቀሳ ስለሆነ ሳትፀንስ የምትቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከሁለት ወር ጥቂት በሚያልፍ እርግዝና ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ልጆች ትወልዳለች፤ ምግብ ካገኘችም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ መውለድ ትችላለች። ባለቤቷ በጣላት ጊዜ ወደ ዱር ጠባይዋ ለመመለስ አትቸገርም። «ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው የአማርኛ ተረት ለተመራማሪም እውነት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው።

ባለቤት የሌላቸው ድመቶች በበዙበት ስፍራ ሁሉ፥ በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል። አንደኛው ማጥፋት ነው፤ ሁለተኛው እያጠመዱ አምክኖ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። በሁለቱም መንገድ የእንስሳት ሐኪም እጅ ገብቶበታል። የሁለቱ መንገዶች ታሪክ ለሙያው ባልደረቦች የሚያስተምረውን ለመረዳት፥ ውጤቱ በቊጥር ተመዝግቦ የቈየባቸውን ቦታዎች መመልከት ይበቃል።

አምስት ድመቶች በማሪዮን ደሴት

ማሪዮን ደሴት በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ፥ ከደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ፥ ስፋቱ 290 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ዛፍ የማይበቅልበትና ብርድና ነፋስ የማይለየው መሬት ነው። አዳኝ የየብስ አውሬ ስላልነበረበት፥ ፔትሬል የሚባሉት የባሕር ወፎች በመሬት ውስጥ ጉድጓድ እየማሱ ያለ ስጋት ይፈለፍሉበት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ለአቆስጣ አደን የመጡ መርከበኞች ሳያውቁ የቤት አይጥ አራገፉበት። ደቡብ አፍሪካ ደሴቱን በ1947 መጨረሻና በ1948 መጀመሪያ ከግዛቷ ጋር ቀላቅላ የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ስታቋቁም፥ አይጡ በጣቢያው ውስጥ አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህም በ1949 አምስት ድመቶች ተወሰዱ።

አምስቱ ድመቶች አልመከኑም ነበር። ልጆቻቸው ከጣቢያው ወጥተው በደሴቱ ተበተኑ። በ1975 በተደረገው ግምት ቊጥራቸው 2,100 ያህል ደርሶ ተገኘ፤ ይህም ሲሰላ በ26 ዓመት ውስጥ በያመቱ በአማካይ አንድ አራተኛ ያህል እየጨመሩ፥ በየሦስት ዓመቱ በእጥፍ ተባዝተዋል ማለት ነው። በዚያ ጊዜ በዓመት 450,000 ገደማ የሚሆኑ ፔትሬሎችን ይበሉ እንደ ነበር ተመራማሪዎች ገምተዋል። ጠላቂ ፔትሬል ከሚባሉት ወገኖች አንዱ ቀድሞውኑ በ1960ዎቹ ከደሴቱ ጠፍቶ ነበር። ለአይጥ መድኃኒት የታሰበው ፍጥረት ለወፉ መቅሠፍት ሆነ፤ አይጡ ግን አልጠፋም።

በ1977 የድመቶቹ ቊጥር ወደ 3,400 ሲጠጋ፥ ለሐኪም ኅሊና ከባድ የሆነው ውሳኔ ተወሰነ። ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት በሽታ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያሟጥጥ፥ አንጀትን የሚያቈስልና በተለይ ትንንሾቹን የሚፈጅ የቫይረስ በሽታ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች በየክሊኒኩ ክትባት የሚሰጡት ይህንኑ ለመከላከል ነው። የማሪዮን ድመቶች ግን ከበሽታው ጋር ተዋውቀው ስለማያውቁ የመከላከያ ኃይል አልነበራቸውም። በዚህም የተነሣ መቶ የማይሞሉ ድመቶች ተይዘው በቫይረሱ እንዲለከፉ ተደረገና በደሴቱ ልዩ ልዩ ክፍል ተለቀቁ። ሐኪም የሚጠብቅበትን ጋሻ ገልብጦ ሰይፍ አደረገው።

ውጤቱ በቊጥር ሲታይ ታላቅ ነበር። ድመቶቹ በያመቱ 29 በመቶ ያህል እየቀነሱ በ1982 ወደ 615 ወረዱ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ቅነሳው ዘገመ፤ ከበሽታው የተረፉት የመከላከል ኃይል አግኝተው፥ ባነሰ ሽሚያ ምግብ እያገኙ ልጆቻቸውን ማሳደግ ጀመሩ። ስለዚህም ከ1986 ጀምሮ አዳኞች ሌሊት ሌሊት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፥ በባትሪ ብርሃንና በጠመንጃ በረግረጉና በአለቱ መካከል ድመት ፍለጋ መዞር ያዙ። የቀሩት ጥቂቶች ብልሆች በመሆናቸው ጠመንጃው አልበቃ ሲል ወጥመድና መርዝ ተጨመሩ። የመጨረሻው ድመት የጠፋው በ1991 ነው። አምስት ድመቶች በአንድ ቀን የወረዱበትን ደሴት ከድመት ለማጽዳት፥ ከበሽታው መለቀቅ ጀምሮ እንኳ ቢቈጠር፥ 14 ዓመት ፈጀ።

ታሪኩ በዚህም አላበቃም። ድመቶቹ ከጠፉ በኋላ የፔትሬሎቹ ርቢ መሻሻል ቢጀምርም፥ አይጦቹ ቀርተው ነበርና በ2003 በአይጥ የተነከሱ የአልባትሮስ ጫጩቶች ታዩ፤ ከ2015 ጀምሮ ጕዳቱ እየሰፋ ሄደ። የደሴቱ ሥነ ፍጥረት መጀመሪያ በአይጥ፥ ቀጥሎ በድመት ስለ ተናጋ፥ አንዱን ብቻ ማውጣት የተናጋውን ሁሉ አላቃናም። በአንጻሩ በቅርብ ርቀት ያለችው የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት አይጥም ድመትም ስላልገባባት ከዚህ ሁሉ ድካም ድናለች።

በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ሌላ መንገድ

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ጕዳዩ ሌላ መልክ ነበረው። በሆስፒታሎች፥ በፋብሪካዎችና በወደቦች ቅጥር ግቢ ባለቤት የሌላቸው ድመቶች በቡድን ይኖሩ ነበር፤ የማሞቂያ ቧንቧ ሙቀት፥ የወጥ ቤት ትራፊና ርኅሩኅ ሠራተኞች አይጠፉም ነበርና። አስተዳዳሪዎቹ ተባይ አጥፊዎችን እየጠሩ ያስፈጇቸዋል፤ ነገር ግን ምግቡና መጠለያው ባለበት ስለሚቀር፥ ከፍጅቱ የተረፉት ይወልዳሉ፤ ከአካባቢው ሌሎች ይገቡበታል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ገዳይ እንደ ገና ይጠራል።

ይህን ዙሪት ለመስበር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አንዳንድ ሰዎች በግል ጥረታቸው ድመቶቹን እያጠመዱ ወደ ሐኪም በማድረስ አስመክነው ይመልሷቸው ጀመር። ከእነዚህ መካከል ቀድሞ በልብስ ማሳያ ሙያ የታወቀችው ሴሊያ ሃመንድ፥ እንዲሁም በ1977 ለዚሁ ሥራ ማኅበር ያቋቋመችው ሩት ፕላንት ይጠቀሳሉ። መጀመሪያ ብዙዎች ነገሩን የየዋሆች ሥራ አድርገው ቈጠሩት። የዩኒቨርሲቲዎች የእንስሳት ደኅንነት ፌዴሬሽን ግን በ1980 ስለ ዱር ገብ ድመቶች አኗኗርና ቁጥጥር ጉባኤ ጠርቶ ልማዱን ለሳይንስ ምርመራ አቀረበው፤ በጉባኤው ከቀረቡት ጽሑፎች አንዱ በአንድ ሆስፒታል ግቢ የነበሩ ድመቶች ከመከኑ በኋላ የታየባቸውን ለውጥ የሚመለከት ነበር።

የአሠራሩ ዝርዝር በዚያን ጊዜ የተጣራው ሲሆን እስካሁንም መሠረቱ አልተለወጠም። ድመቷ ምግብ በተደረገበት የወጥመድ ሣጥን ትያዛለች፤ ማደንዘዣ ተሰጥቷት የሴቷ የዕንቁላል ዕጢ፥ የወንዱም ቍላ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ገና ሳትነቃ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ፥ ብዙውን ጊዜ የግራው፥ በጥቂቱ ይቈረጣል። ይህ ምልክት ከሩቅ ስለሚታይ የመከነች ድመት ዳግመኛ ተይዛ ሆዷ እንዳይቀደድ ይጠብቃታል። ለሰው የለመዱና ትንንሾቹ ቤት ይፈለግላቸዋል፤ በጠና የታመሙት ያለ ሥቃይ ይገደላሉ፤ የቀሩት ወደ ቦታቸው ተመልሰው በታወቀ ሰው ይመገባሉ። በለንደን በተደረገና በ1984 በታተመ ጥናት እንደ ታየው፥ የመከኑት ድመቶች በስፍራቸው ጸንተው ቡድናቸውን ጠብቀው መኖራቸው ታውቋል።

የሮማ ቊጥሮች

ከልማድ አልፎ መንገዱን በሕግ ያጸናችው ኢጣሊያ ናት። በነሐሴ 1991፥ ማለት የማሪዮን የመጨረሻው ድመት በጠፋበት ዓመት፥ የወጣው ቊጥር 281 ሕግ በነጻነት የሚኖሩ ድመቶችን ማሠቃየት ከለከለ፤ በመንግሥት የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት እንዲመክኑና ወደ ቡድናቸው እንዲመለሱ አዘዘ፤ መግደልንም በጠና ለታመሙና ለማይድኑ ብቻ ፈቀደ።

የሮማ ከተማ ሐኪሞች ይህን ሕግ ሲፈጽሙ ከ1991 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ወደ 8,000 የሚሆኑ ድመቶችን አምክነው መለሱ። በ2006 ያሳተሙት ጽሑፍ ግን የድል ዜና ብቻ አልነበረም። መረጃ ከተሰበሰበባቸው 103 ቡድኖች መካከል 55ቱ ቀንሰዋል፤ 20ዎቹ ባሉበት ቈይተዋል፤ 28ቱ ግን ጭራሽ ጨምረዋል። ምክንያቱ ከቀዶ ሕክምናው አይደለም፤ የመከነ አይወልድምና። ምክንያቱ ከውጭ የሚገባው ድመት ነበር፤ የዚህም ዋናው ምንጭ ባለቤቶቻቸው የሚጥሏቸው ድመቶችና ልጆቻቸው ናቸው። ሐኪሞቹም በቤት የሚኖሩት ድመቶች ርቢ እስካልተገታና ሕዝቡ እስካልተማረ ድረስ፥ ማምከኑ ብቻውን ገንዘብ፥ ጊዜና ጕልበት ማባከን መሆኑን ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። በ2005 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ስሌትም፥ ቊጥሩ እንዲወርድ ከተፈለገ ከመውለድ ከሚችሉት ድመቶች ከ71 እስከ 94 በመቶ የሚሆኑት መምከን እንዳለባቸው አመልክቷል። ከመቶው ሠላሳውን አምክኖ የሚያቆም ለእነዚያ ሠላሳዎቹ በጎ አድርጓል፤ የቡድኑን ርቢ ግን አልገታም።

የሁለቱ ታሪኮች ማሰሪያ

ከላይ የተመለከቱት ታሪኮች ተቃራኒ ቢመስሉም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። በማሪዮን ማጥፋቱ የተፈጸመው ጠመንጃው ስለ በረታ ብቻ አይደለም፤ ባሕሩ በሩን ስለ ዘጋው አንድም አዲስ ድመት ሊገባ አልቻለም። በሮማ የተካኑ እጆች 8,000 ድመቶችን አምክነው እንኳ ሥራው ያልተጠናቀቀው በሩ ክፍት ስለ ነበረ ነው። በደሴቱም ሆነ በከተማው ድመቱን ያስገባው ሰው ነው፤ በ1949 ከመርከብ ያወረደው እጅና በሮማ አደባባይ በካርቶን የጣለው እጅ አንድ ናቸው።

ይህ ጕዳይ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። በየሥጋ ቤቱ፥ በየምግብ ቤቱና በየገበያው ዙሪያ ድመት አይታጣም፤ ድመትም እንደ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ልታስተላልፍ ትችላለች። ከዚህም በላይ የቤት ድመት የቅርብ ዘመድ የሆነው የአፍሪካ የዱር ድመት በኢትዮጵያ የሚኖር ስለሆነ፥ ከመንደር የሚወጡ ድመቶች ሊዳቀሉትና ዘሩን ሊያደበዝዙት ይችላሉ።

ስለዚህ የሐኪሙ ሥራ ከወጥመዱ በፊት፥ በክሊኒኩ ጠረጴዛ ይጀምራል። ለሕክምና የመጣችው የቤት ድመት የመጀመሪያ ልጆቿን ሳትወልድ እንድትመክን ባለቤቷን መምከር፥ ለማምከን በተያዘችበት ሰዓት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መስጠት፥ ባለቤት የሌላቸውንም ከመጀመር በፊትና ከጨረሱ በኋላ መቊጠር፥ ወጪያቸው ከፍጅት ዘመቻ ያነሰ፥ ጥቅማቸውም የሚቈይ ተግባራት ናቸው። በማሪዮን ደሴት ጋሻውን ወደ ሰይፍ መለወጥ ግድ የሆነው፥ አምስቱ ድመቶች ወደ መርከብ ከመግባታቸው በፊት የሚያመክናቸው ሐኪም ስላልተጠራ ነበር።