ስለ ሻይ ብርጭቆና ስለ ውሃ ጕድጓድ

አንባቢ ሆይ፤ ብዙ ሰው የታሪክ ትምህርት በጦር ሜዳና በቤተ መንግሥት ብቻ የሚገኝ ይመስለዋል። እኔ ግን አንድ ትልቅ የታሪክ ትምህርት ያስተዋልሁት በአንድ ብርጭቆ ሻይ ምክንያት ነው። ነገሩም እንዲህ ነው።

በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሓፊነት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ደመወዛችን ትንሽ ነበረ። ነገር ግን በየቀኑ ከጧቱ በአራት ሰዓት አንዲት እናት ሻይ በማንቆርቆሪያ፥ ዳቦም በሰፌድ ይዘው ይመጡና በየጠረጴዛችን እየዞሩ ያድሉን ነበር። በዚያች ሩብ ሰዓት የታመመ ይጠየቃል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ የጠፋው መዝገብም በማን እጅ እንዳለ ይታወቃል። ከዕለታት አንድ ቀን በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ አገኘን። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ለሠራተኛው የሚቀርበው ሻይ መቅረቱን ትናገራለች። ምክንያቱን በቃል ሊያስረዳን የመጣ ሰው ግን አልነበረም። በማግሥቱ በአራት ሰዓት እኒያው እናት በመካከላችን አለፉ፤ በያዙትም ትሪ ላይ ሁለት ሲኒ ቡናና ብስኩት ነበረ። በሩን ከፍተው ወደ አለቃው ክፍል ገቡ። እኛም ዝም ብለን ተያየን።

ከዚያ ቀን በኋላ ያመፀ የለም፤ የጮኸም የለም። ነገር ግን ሻይ ፍለጋ ወደ ውጭ የሚወጣው ሰው ሩብ ሰዓቱን አንድ ሰዓት አደረገው። ሥራ ሲበዛ እስከ ምሽት ይቆዩ የነበሩት ሽማግሌ ባልደረባችን፥ ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ሲል ባርኔጣቸውን አንሥተው መሄድ ጀመሩ። የእኔ ጥፋት ግን ከሁሉም ይብሳል። በሐምሌ አንድ ቀን ከጣራው ጥግ ውሃ በመዝገቡ መደርደሪያ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ መዝገቦቹን አንሥቼ፥ ሮጬም ለአለቃው በነገርሁ ነበር። በዚያን ቀን ግን «ሻዩ ሲቀር ማን ጠየቀኝ?» አልሁና ፊቴን አዙሬ አለፍሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሦስት መደርደሪያ መዝገብ ሻግቶ ተገኘ። በውስጡም ባሎቻቸው የሞቱባቸው ድኾች ሴቶች ያቀረቡት የጡረታ ማመልከቻ ነበረበት። እነዚያ ሴቶች ሻያችንን አልከለከሉንም ነበር። ይህን ባሰብሁ ቍጥር እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ይህንኑ በልቤ ይዤ በቅርቡ አንድ እሑድ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጣሁ። ማዕከሉ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድነት ያቋቋሙት፥ በእንጦጦ ተራራ ወገብ ላይ ሰባት መቶ ሄክታር ያህል የያዘ ሥፍራ ነው። ባሕር ዛፍ ይዞት በኖረው ምድር ላይ እንደ ጥድ፥ እንደ ወይራና እንደ ኮሶ ያሉ የአገራችን ዛፎች እንደገና እንዲበቅሉበት ይደረጋል። ከአንድ ጥድ ሥር ተቀምጬ ወደ ታች ስመለከት ከተማዪቱ ተዘርግታ ትታያለች፤ ወደ ምሥራቅ ስዞር ደግሞ ተራራው አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ጫኑባት ወደ እንጦጦ ማርያም ይዘልቃል። ልቤም ወደዚያ ዘመን ሄደ።

በዚያ ዘመን ወታደር እንደ ዛሬው በየወሩ ደመወዝ የሚቈጠርለት አልነበረም። የሚኖረው በተሰጠው መሬት፥ በቀለብና በድርጎ ነበረ። ከሁሉ ይልቅ የሚያኮራው ግን ግብር መግባቱ ነው። አፄ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ያሠሩት የግብር አዳራሽ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ይይዝ ነበር። በዚያ አዳራሽ ሁሉ ሰው እኩል አልነበረም። መኳንንቱ አስቀድመው ይቀመጣሉ፤ ከጠጁም መልካሙን ይጠጣሉ። ተራው ወታደር በኋላ ይገባል፤ ቀጠን ያለውንም ይቀበላል። ሆኖም ወታደሩ ድርሻው የታወቀ፥ የሚበላውም በጌታው ፊት ስለ ነበረ አይቀየምም። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ስለዚህ ነው።

ታዲያ ችግር ሲመጣ ምን ሆነ? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በክፉ ቀን፥ በምጽዋ በኩል ከውጭ ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣ በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጀው። በሬ ስለ አለቀ እርሻ ቆመ፤ ረኃብም አገሩን አጠፋው። የድግሱ ሥጋ፥ የወታደሩም ቀለብ ከየት ይምጣ? በዚያን ጊዜ አፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ለተራበ ከፈቱ። ከዚህም በላይ፥ መሬት መቆፈር ለመኳንንት እንደ ውርደት ይቈጠር በነበረበት ዘመን፥ እርሳቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ መኳንንቱና ወታደሩም እንዲሁ እንዲያደርጉ አዘዙ። ንጉሡ ሲቆፍሩ ያየ ወታደር «እኔ ብቻ ተጐዳሁ» ሊል እንዴት ይችላል? ያ በረኃብ የተፈተነ ሕዝብ ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1888 ዓ.ም.፥ ንጉሡን ተከትሎ ወደ ዓድዋ ዘመተ። ለዓድዋ ድል ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በክፉ ቀን ከሕዝቡ ጋር የቆፈረ ንጉሥ በጦርነት ቀን ሲጠራ ሰሚ ማግኘቱ አያስደንቅም።

አሁን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ እንመልከት። በ1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደር የሚቀርብለት ምግብ የተበላሸ ነበረ። ውሃ የሚያወጣለትም ፓምፕ ተሰበረ። መኮንኖቹ ግን የራሳቸው የውሃ ጕድጓድ ነበራቸው፤ ወታደሮቹ ከዚያ ለመቅዳት ቢጠይቁ ተከለከሉ። ጥር 4 ቀን ወታደሮቹ አመፁ፤ አዛዣቸውንም ያዙ፤ አቤቱታቸውንም ለንጉሠ ነገሥቱ አሰሙ። ነገሩን መርምረው እንዲመለሱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን አግተው፥ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፥ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ አደረጓቸው። ልብ በሉ፤ እነዚያ ወታደሮች የፈለጉት ትልቁ ሰው የእነርሱን ውሃ እንዲቀምሰው ነው።

ወሬው በጦር ሠራዊቱ ሬዲዮ ከሰፈር ወደ ሰፈር ተላለፈ። በየካቲት ወር በደብረ ዘይት የአየር ኃይል ባልደረቦች፥ ቀጥሎም በአሥመራ የሁለተኛው ክፍለ ጦር ወታደሮች ተነሡ። ደመወዝ ቢጨመርላቸውም ነገሩ አልበረደም። ምክንያቱም የተጐዳውን ክብር በብር መጠገን አስቸጋሪ ነው። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዙፋኑን የጣለው የነገሌ ጕድጓድ ብቻ ነው አልልም፤ የወሎ ረኃብ፥ የመሬት ጥያቄ፥ የቤንዚን ዋጋ መወደድም ነበረበት። ደግሞም ቍጣ የወለደው ሁሉ መልካም አይደለም፤ በቦታው የተተካው አገዛዝ ብዙ ደም አፍስሷል። ዳሩ ግን የመጀመሪያዪቱ የእሳት ፍንጣሪ የተከለከለ ውሃ ነበረች። በሩስያም እ.ኤ.አ. በ1905 ፖተምኪን በተባለው የጦር መርከብ ላይ ባሕርተኞቹ ያመፁት ትል የወጣበት ሥጋ ብሉ ስለ ተባሉ ነው።

ምናልባት አንዱ «ገንዘብ ሲያጥር አለቃ ምን ያድርግ? ተበድሮ ሻይ ያጠጣን?» ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ወጪ መቀነስ ኃጢአት አይደለም፤ የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ። ሰው እጦትን ይችላል። ሊችለው የማይችለው ሌላው እየጠገበ እርሱ ብቻ እንዲያጣ መደረጉን ነው። ስለዚህ የሚቀንስ አለቃ አስቀድሞ ከራሱ ይጀምር፤ ምክንያቱንም በወረቀት ሳይሆን ፊት ለፊት ቆሞ ይናገር።

ኋላ እኔም በሌላ ሥፍራ የአንዲት ትንሽ ክፍል አለቃ ሆንሁ፤ የገንዘብ እጥረትም ደረሰብን። አስቀድሜ የራሴን ቡና አስቀረሁ። ቀጥዬም ሠራተኞቹን ሰብስቤ ሂሳቡን አሳየኋቸውና ምን ይሻላል ብዬ ጠየቅኋቸው። እነርሱም ተመካክረው «ዳቦው ይቅር፥ ሻዩ ግን ይቆይ» አሉ። በዚያ ክረምት የቢሮው ጣራ አፈሰሰ፤ ገና ሁለት ጠብታ ሳይወርድ ሦስት ሰዎች ሮጠው መጥተው ነገሩኝ።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፤ ከእናንተ አንዳንዶቹ ነገ አለቆች ትሆናላችሁ። በዚያን ጊዜ ከሠራተኛችሁ አንዳች ነገር ከመቀነሳችሁ በፊት በራሳችሁ ትሪ ላይ ያለውን ተመልከቱ። ሌሎቻችሁም ታዛዦች ሆናችሁ ትሠራላችሁ፤ በደል ቢደርስባችሁ በአፋችሁ ተናገሩ፥ አቤት በሉ እንጂ የሚያፈስ ጣራ አይታችሁ እንደ እኔ ዝም አትበሉ። ከዚያ ጣራ ሥር ያለው መዝገብ የአለቃው ሳይሆን ደጅ የሚጠና የድኻ ሰው ነውና።