በጋለ ማንኪያ ላይ የቆየችው ጠብታ

የብረት ምጣድ በመጠኑ ሲግል ውሃ ጠብ ቢያደርጉበት ቸስ ብሎ ይጠፋል። ክፉኛ ሲግል ግን ጠብታው ድቡልቡል ብሎ እንደ ብይ ወዲያ ወዲህ ይንከባለላል። እሳቱ ሲበረታ ውሃው ዕድሜ አገኘ፤ የተገላቢጦሽ ነገር ነው።

ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ኸርማን ቡርሃቨ እንዲህ ያለውን ጠባይ በ1732 አስተውሏል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ከነገሩ ጋር የቀረው ግን በጀርመን የዱይስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህሩ ዮሐን ጎትሎብ ላይደንፍሮስት ነው። የብረት ማንኪያ እስኪቀላ አግሎ አንዲት ጠብታ ጣለባት፤ በፔንዱለም ውዝዋዜ ሲቆጥር 30 ሰከንድ ያህል ቆየች። ማንኪያው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ሁለተኛዋ 10 ሰከንድ ያህል፣ ተከታዮቿ ጥቂት ሰከንድ ብቻ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ቆጠራ ነው፤ ሰውየው የብረቱን ግለት በጠብታ ዕድሜ የለካ ያህል ነው።

ጠብታው ብረቱን አይነካም። ሥሩ ገና ሲጠጋ ይተንና፣ እንፋሎቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ንጣፍ ሆኖ ውሃውን ያንሳፍፈዋል። እንፋሎት ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፤ ጠብታው ጋቢ ተነጥፎለታል ማለት ይቻላል። ገጹ ልሙጥ በሆነ ብረት ላይ ይህ ለውሃ የሚጀምረው 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው።

ላይደንፍሮስት በ1756 በላቲን ባሳተመው ድርሳኑ ግን ሌላ ነገር ደመደመ። ጠብታው ካለቀ በኋላ የቀረችውን ቅንጣት አይቶ፣ እሳት ውሃን ወደ አፈር ይለውጣል አለ። ለመሳቅ አንቸኩል፤ ብዙ የዘመኑ ሊቃውንትም እንዲሁ ያምኑ ነበር። ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ ውሃ በመስታወት ዕቃ ውስጥ 101 ቀን አሙቆ፣ አፈር የመሰለው ነገር ከራሱ ከመስታወቱ የወጣ መሆኑን በ1770 አሳየ። የላይደንፍሮስት ድርሳን በእንግሊዝኛ የወጣው በ1966 ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ1934፣ ጃፓናዊው ሺሮ ኑኪያማ ነገሩን ገልብጦ አይቶታል። ቀጭን ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ኃይሉ ሲጨምር ውሃው ይፈላል፣ ሽቦው ሙቀቱን በደንብ ያራግፋል። አንድ ልክ ሲታለፍ ግን እንፋሎቱ ሽቦውን ዙሪያውን ይሸፍነዋል፤ ሙቀት መውጫ ያጣል፣ ግለቱም በአንዴ ይተኮሳል። ከኒክሮም የተሠራው ሽቦ ቀለጠ፤ ከፕላቲነም የተሠራው ግን ተቋቋመ። ለጠብታዋ ጋቢ የሆነው እንፋሎት ሽቦውን አፈነው። ዛሬም በውሃ የሚቀዘቅዙ የኑክሌር ማብለያዎች የሚሠሩት ከዚያ ልክ በታች ነው፤ መሐንዲሶቹም በመካከሉ ሰፊ ርቀት ይተዋሉ።