የጃፓን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን

የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን (ካይጎ ሆከን) ለጃፓን አረጋውያን የዕለት ተዕለት እርዳታ የሚሸፍን አስገዳጅ የማኅበራዊ መድን ሥርዓት ነው። ሕጉ በ1997 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከኤፕሪል 2000 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ቀድሞ ሸክሙ በአብዛኛው በሚስቶች፣ በሴት ልጆችና በምራቶች ላይ የወደቀ ነበር፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያንም ሕክምና ሳያሻቸው ሆስፒታል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆዩ ነበር።

መድኑን የሚያስተዳድሩት ማዘጋጃ ቤቶች ናቸው። መዋጮ የሚከፈለው ከ40 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ሲሆን፣ ከተጠቃሚው ድርሻ ውጭ ያለው ወጪ ግማሹ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከግብር ይሸፈናል። 65 ዓመት የሞላው አመልካች ፍላጎቱ ተመዝኖ እርዳታ የሚያስፈልገው ሆኖ ሲገኝ ከ7 ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። በጀርመን ካለው አቻው በተለየ ለቤተሰብ ተንከባካቢ ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፤ ገንዘቡ ሴቶችን ከቤት ያስቀራል የሚለው የሴቶች ማኅበራት ስጋት ለዚህ ውሳኔ አንዱ ዋና ምክንያት ነበር። ተጠቃሚው የአገልግሎቱን ዋጋ 10 በመቶ፣ ገቢው ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ 20 ወይም 30 በመቶ ይከፍላል።